የመጸው መስኪ ጉዞ፦ የትኛው ሐይቅ፣ በየትኛው ሳምንት?

ቅጠል መቅላት ሲጀምር እዚህ ሚኒሶታ ካሉ ዓሣ አጥማጅ ወገኖች ስልክ ይበዛብኛል። «ዘንድሮ ለመስኪ የት እንሂድ?» ነው ጥያቄው። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ ከሥራ ያገኘው ሦስት ወይም አራት ቀን ነው፣ ጀልባው ትንሽ ነው፣ ስሙ የማረከው ሐይቅ ደግሞ ሩቅና ሰፊ ነው። እኔም የሐይቅ ስም ከመጥራቴ በፊት «የምትሄዱት በየትኛው ሳምንት ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። በመጸው ሐይቅ የሚመረጠው በዝናው አይደለም። በሴፕቴምበር መጨረሻ ዓሣ የሚታይበት ውሃ በኦክቶበር አጋማሽ ሕይወት የሌለው ይመስላል፤ ኖቬምበር ሲገባ ደግሞ እንደገና ይነቃል። ዝናውን ብቻ ይዞ የተነሣ ሰው ዕረፍቱን በሙሉ በሞተው ሳምንት ላይ ሊጨርስ ይችላል።

መስኪን ለማታውቁት፦ ፓይክ ከሚባለው አዳኝ ዓሣ ጋር የአንድ ቤተሰብ የሆነ፣ ሰውነቱ የረዘመ፣ አፉ ጠፍጣፋና በጥርስ የተሞላ አዳኝ ዓሣ ነው። በተፈጥሮ የሚገኘው በሰሜን አሜሪካ ብቻ ነው። በዓለም አቀፉ የስፖርት ዓሣ ማጥመድ መዝገብ ላይ የሰፈረው ትልቁ መስኪ 67 ፓውንድ ከ8 አውንስ ይመዝናል፤ የተያዘውም እ.ኤ.አ. በ1949 ዊስኮንሲን ውስጥ ነው። አንዱን ለመያዝ ያን ያህል ጊዜ መወርወር ይጠይቃል ለማለት አጥማጆቹ «የአሥር ሺህ ውርወራ ዓሣ» ይሉታል። ባሕር ዳር ላደግሁት ለእኔ ይህ መጀመሪያ አልዋጥልህ ብሎኝ ነበር። ጣና ላይ በታንኳ ወጥቶ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ቀኑ ከስሯል። በመስኪ ግን አንድ ትልቅ ዓሣ ማባበያውን ተከትሎ መጥቶ ጀልባው ሥር ለአፍታ ቆሞ ከሄደ፣ ያ ቀን ለዓመት የሚወራለት ቀን ነው።

ታዲያ ለምን በመጸው? «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለውን አባባል ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ብርዱ ሲገባ ሰውነት ጠንከር ያለ ምግብ ይፈልጋል። መስኪም እንዲሁ ነው። ክረምት ከመግባቱ በፊት፣ በተለይ ለጸደይ እንቁላል የምታዘጋጀው እንስቷ፣ ትንንሹን ትታ ትልቅ ዓሣ ታሳድዳለች። ትልልቆቹ መስኪዎች ደግሞ እንስቶቹ ናቸው። የዓመቱን ትልቅ ዓሣ የሚፈልግ ሰው ብርዱን ታግሦ የሚወጣው ለዚህ ነው።

ሐይቅ ሲገላበጥ

ሐይቆቹን ከማነጻጸራችን በፊት አንድ ነገር መግባባት አለብን፤ የቀረው ሁሉ በእሱ ላይ የቆመ ነው። በበጋ ጥልቅ ሐይቅ ሁለት ፎቅ ይሆናል። ከላይ ሞቃትና ቀላል ውሃ፣ ከታች ቀዝቃዛና ከባድ ውሃ ይተኛል፤ ሁለቱ አይቀላቀሉም። የታችኛው ፎቅ ከአየር ጋር ሳይገናኝ ስለሚከርም ኦክስጅኑ እያለቀ ይሄዳል። መጸው ሲመጣ የላይኛው ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ ይሰምጣል፤ ነፋስ ሲጨመርበት ሐይቁ ከላይ እስከ ታች ይደባለቃል። ይህ መገላበጥ ብዙውን ጊዜ የሚሆነው የላዩ ውሃ ከ55 ወደ 50 ዲግሪ ፋራናይት በሚወርድበት ጊዜ ነው፤ በሴልሺየስ ከ13 ወደ 10 ማለት ነው።

በዚያ ሰሞን ውሃው ላይ ብትደርሱ ምልክቱ ግልጽ ነው። ቀለሙ ይደፈርሳል፣ የበሰበሰ ሣር ፍርፋሪ ይንሳፈፋል፣ ሞተሩ የሚያስነሣው አረፋ ቶሎ አይጠፋም፣ አንዳንዴም የጭቃ ሽታ ይመጣል። መስኪዎቹ የለመዱት ሥርዓት ስለሚፈርስ ይበታተናሉ፤ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ድረስ የት እንዳሉ ለማወቅ ይከብዳል። ይህን ሳላውቅ አንድ ዓመት አራት ቀን ሙሉ በተገላበጠ ውሃ ላይ ስወረውር ከረምኩ። ክንዴ ዝሎ፣ አንድም ዓሣ ሳላይ ተመለስኩ። ከዚያ ወዲህ ከቤት ሳልወጣ የውሃውን ሙቀት አጣራለሁ። በሐይቁ ዳር ያለ የማባበያ ሱቅ ወይም ማረፊያ ደውላችሁ ብትጠይቁ በደስታ ይነግሯችኋል። የዛሬውን ብቻ ሳይሆን ያለፈውን ሳምንትም ጠይቁ፤ ቁጥሩ በፍጥነት እየወረደ ከሆነ መገላበጡ ደጃፍ ላይ ነው።

ሁሉም ሐይቅ ግን በአንድ ቀን አይገላበጥም። ጥልቀት የሌለውና ነፋስ የሚመታው ሐይቅ በጋውንም ሲደባለቅ ስለሚከርም ችግሩ ብዙም አይነካውም። ትንሽና መካከለኛ ሐይቅ ይቀድማል፣ ትልቅና ጥልቅ ይዘገያል። የምርጫው ቁልፍ ይህ ነው፦ በሄዳችሁበት ሳምንት ወይ ገና ያልተገላበጠ፣ ወይ ተገላብጦ የጨረሰ፣ ወይ መገላበጥ የማይነካው ውሃ ላይ መገኘት።

ሚል ላክስ፦ ጥቂት ዓሣ፣ ግን ግዙፍ

ከሚኒያፖሊስ ወደ ሰሜን 100 ማይል ገደማ ነው፤ ሁለት ሰዓት የማይሞላ መንገድ። ስፋቱ 132,000 ኤከር ያህል ሲሆን በእኛ መለኪያ ከ530 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ትልቁ ጥልቀቱ ግን 42 ጫማ ብቻ ነው፤ 13 ሜትር ማለት ነው። ጣናን የሚያውቅ ሰው ይህን ሐይቅ ሳይነገረው ይረዳዋል። ጣናም ትልቁ ጥልቀቱ 14 ሜትር ገደማ ነው፤ ሰፊ፣ ገላጣ፣ ነፋስ ሲነሣ በቅጽበት የሚቆጣ ውሃ ነው። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ማዕበል ሲነሣ ታንኳ ወደ ደንገል ጥግ የሚሸሸው ለምን እንደሆነ ያየ ሰው ሚል ላክስን አይደፍረውም።

የዚህ ሐይቅ ዝና ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 22 ቀን 2021፣ በእኛ አቆጣጠር የኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ 55 ፓውንድ ከ14 አውንስ በላይ የመዘነ መስኪ ከዚህ ውሃ ወጥቶ የሚኒሶታን የክብደት ክብረ ወሰን ሰበረ። የቀድሞው 54 ፓውንድ ነበር፤ ከዊኒቢጎሺሽ ሐይቅ በ1957 የተያዘ። 64 ዓመት የቆየ ክብረ ወሰን በመጸው መጨረሻ፣ በረዶ ሊጋገር ጥቂት ቀን ሲቀረው መሰበሩ ስለ ጊዜው ብዙ ይናገራል። ሆኖም ማወቅ ያለባችሁ ነገር አለ፤ እዚህ መስኪ ብዙ የለም። ሦስት ቀን አጥምዶ አንድም ዓሣ ሳያዩ መመለስ እዚህ የተለመደ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ መስኪ ለሚሞክር ሰው ሚል ላክስን አልመክርም። ልጁን ይዞ ለሚወጣ አባትማ በፍጹም።

ጥልቀት ስለሌለውና ነፋሱ ስለሚያናውጠው መገላበጥ እንደ ጥልቆቹ አያስቸግረውም። ይህ በኦክቶበር መካከል፣ ሌላው ሁሉ ሲደፈርስ፣ ትልቅ ጥቅም ነው። በኖቬምበር ደግሞ ሌላ ምክንያት ይመጣል፦ ሲስኮ፣ በአካባቢው አጠራር ቱሊቢ የሚባለው ብርማ ዓሣ። ውሃው ወደ 40 ዲግሪ ሲቃረብ ሲስኮዎቹ እንቁላል ለመጣል ከጥልቁ ወደ ጠጠርና ድንጋይ ይወጣሉ፤ መስኪዎቹም ይከተሏቸዋል። የሐይቁ ደቡብ በድንጋይ ጉብታዎች የተሞላ ነው፣ ሰሜኑ በአብዛኛው የጭቃ ሜዳ ነው። በመጸው መጨረሻ ከድንጋዩ አትራቁ። ከጉብታው ጫፍ ይልቅ ጉብታው ወደ ጥልቁ የሚወርድበትን ጠርዝ ፈልጉ፤ ትልልቅ የጎማ ማባበያዎችን ቀስ አድርጋችሁ ሳቡ፣ ወይም ወደ ጥልቅ የሚጠልቅ የእንጨትና የፕላስቲክ ዓሣ በጀልባ እየጎተታችሁ ሂዱ።

ጀልባችሁ ከ18 ጫማ በታች ከሆነ ነፋሱን ካላያችሁ አትሂዱ። እኔ አንዴ በ16 ጫማ ጀልባ ሄጄ ሁለት ቀን ተኩል ከማረፊያው መስኮት ማዕበሉን ስቆጥር ቆይቻለሁ።

ሊች፦ በአንድ ስም ሁለት ሐይቅ

ስሙ ትርጉሙ አልቅት ነው፤ ይህ ግን አያስፈራችሁ። ከመንታ ከተሞቹ፣ ከሚኒያፖሊስና ከሴይንት ፖል፣ ወደ ሰሜን ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይነዳል። ከ100,000 ኤከር በላይ የሆነ፣ መስኪ በተፈጥሮ የሚኖርበት ሐይቅ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ዛሬ በሚኒሶታ ብዙ ሐይቆች ውስጥ የሚገኘው መስኪ ሥሩ እዚህ ነው። ድሮ የክልሉ የተፈጥሮ ሀብት መሥሪያ ቤት ሹፓክ ከሚባል የሰሜን ሐይቅ የተገኘ ዘር ያራባ ነበር፤ ያ ዘር ግን ትልቅ አያድግም። በ1980ዎቹ ወደ ሊች ዘር ሲዞሩ ነው ሚኒሶታ የትልልቅ መስኪ አገር የሆነችው። ሚል ላክስና ቨርሚሊየን ላይ ከምናሳድዳቸው ግዙፎች አብዛኞቹ የሊች የልጅ ልጆች ናቸው።

ለመጸው ጉዞ ሊችን የምወድበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። ዋናው ሐይቅ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ነው፤ በምዕራብ ያለው ዎከር ቤይ ግን ጥልቀቱ ከ100 ጫማ በላይ ይወርዳል። ሁለቱ በአንድ ሳምንት አንድ ዓይነት ባሕርይ አያሳዩም። ዋናው ሐይቅ ቀድሞ ይቀዘቅዛል፤ ዎከር ቤይ ሙቀቱን ይዞ ይቆይና ዘግይቶ ይገላበጣል። ስለዚህ በኦክቶበር መጀመሪያ አንዱ ቢበላሽባችሁ ከማረፊያችሁ ሳትለቁ ወደ ሌላው መሄድ ትችላላችሁ። ማረፊያ አስቀድሞ መያዝ ላለበትና ቀኑን መቀየር ለማይችል ሠራተኛ ሰው ከዚህ የተሻለ መድን አላውቅም።

በሴፕቴምበር መጨረሻ አረሙ አረንጓዴ በሆነበት ሁሉ ፈልጉ። ቁልፉ አረንጓዴነቱ ነው። ቡናማ ሆኖ የወደቀ አረም ትንንሽ ዓሣ አያስጠልልም፤ ትንንሹ ከሌለ ትልቁም የለም። ማባበያችሁ አረም ነቅሎ ሲመጣ ጣል ከማድረጋችሁ በፊት ቀለሙን ተመልከቱ። ውሃው እየበረደ ሲሄድ ወደ ድንጋይና ወደ ጠባብ መተላለፊያዎች አዙሩ።

የሊች ድክመቱ ነፋሱ ነው፤ ዋናው ሐይቅ ልክ እንደ ሚል ላክስ ገላጣ ነው። ሆኖም ባሕረ ሰላጤዎቹ መሸሸጊያ ይሰጣሉ።

ቨርሚሊየን፦ ለትንሽ ጀልባ የሚራራ

ከሚኒያፖሊስ አራት ሰዓት ገደማ ነው፣ በታወርና በኩክ ከተሞች በኩል። ወደ 40,000 ኤከር የሚጠጋ፣ 365 ደሴት እንዳለው የሚነገርለት ሐይቅ ነው። ከነፋስ ለመሸሽ ይህን ያህል ደሴት ያለው ሌላ ውሃ በቀላሉ አይገኝም። ሰሜን ነፋስ ሲነፍስ ወደ ደሴቱ ደቡብ ጥግ ትሄዳላችሁ፣ ሲዞር ትዞራላችሁ። በ16 ጫማ ጀልባ በሰላም ውዬ የገባሁባቸው የጉዞ ቀናት አብዛኞቹ እዚህ ናቸው።

መስኪ በተፈጥሮው እዚህ አልነበረም፤ ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተለቀቀ ነው። ሲስኮ በብዛት አለ፣ ድንጋይ በየቦታው አለ፣ ስለዚህ ዓሣው ወፍሯል። ችግሩ ደግሞ ከዚያው ይመጣል፦ ለመስኪ መቆሚያ የሚመስል ቦታ በሺህ ይቆጠራል። አዲስ ሰው ቀኑን ሙሉ ከደሴት ደሴት ሲሮጥ ይውላል። የእኔ ምክር አንድ ማዕዘን መርጣችሁ እዚያው ክረሙ ነው። አንድ ባሕረ ሰላጤና በዙሪያው ያሉ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ጉብታዎችን ያዙ፤ ጠዋትም ማታም ተመላለሱባቸው። መስኪ በጠዋት ያልፈለገውን ማባበያ ጨረቃ ስትወጣ ወይም ፀሐይ ስትጠልቅ ሊነክሰው ይችላል። ተከትሎ የመጣ ዓሣ ያያችሁበትን ቦታ ምልክት አድርጉ፤ ሦስት ሰዓት ጠብቃችሁ ተመለሱ። የመስኪ ጉዞ ግማሹ ይህ መመላለስ ነው።

ቨርሚሊየን ጥልቅ ክፍሎች ስላሉት በኦክቶበር ይገላበጣል፤ ያን ሰሞን አትሂዱ። ከዚያ በኋላ ግን፣ በኦክቶበር መጨረሻና በኖቬምበር መጀመሪያ፣ ቁልቁል የሚወርዱት የድንጋይ ጠርዞች ለእኔ ከሁሉም የሚመረጡ ናቸው። ሁለት ነገር አስቡበት። አንደኛ፣ ሰሜን ነውና ከደቡብ ሐይቆች ቀድሞ በረዶ ይጋገርበታል፤ ብዙ ማረፊያዎችም ከኦክቶበር አጋማሽ በኋላ ውሃቸውን ዘግተው ይቆለፋሉ፣ ደውላችሁ አረጋግጡ። ሁለተኛ፣ በኖቬምበር መጀመሪያ የአጋዘን አደን ይከፈታል። ያልተዘጉትን ማረፊያዎች አዳኞች ይሞሏቸዋል፤ ጫካ ዳር የምትንቀሳቀሱ ከሆነ ደማቅ ብርቱካናማ ልብስ ልበሱ።

ሚነቶንካ፦ ከሥራ ወጥቶ የሚደረስበት

የሩቁን ስናወራ የቅርቡን እንንቃለን። ሚነቶንካ ከሚኒያፖሊስ በስተ ምዕራብ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ ከ14,000 ኤከር በላይ ነው። ስሙ ከዳኮታዎች ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ትልቅ ውሃ ነው። በበጋ የመዝናኛ ጀልባ ስለሚሞላው ማንም ለመስኪ አይመርጠውም። ከሌበር ደይ፣ ከሴፕቴምበር መጀመሪያው የሠራተኞች በዓል፣ በኋላ ግን ጀልባው ይቀንሳል፣ ኦክቶበር ላይ ጸጥ ይላል፤ ያኔ ሌላ ሐይቅ ይሆናል።

ሚነቶንካ አንድ ወጥ ሐይቅ አይደለም፤ በመተላለፊያ የተያያዙ ባሕረ ሰላጤዎች ስብስብ ነው። አንዳንዱ ጥልቀት የለውም፣ ክሪስታል ቤይ ግን 113 ጫማ ይደርሳል። ስለዚህ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይገላበጥም። አንዱ ሲደፈርስ የሚቀጥለው ገና ጥርት ያለ ነው፤ በቴርሞሜትር እያያችሁ በመተላለፊያው ተሻግሮ መሄድ ነው። የሊች ጥቅም በትንሹ እዚህ ቤታችሁ ደጃፍ ላይ አለ ማለት ነው። አረሙም እስከ መጸው አጋማሽ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆይባቸው ማዕዘናት አሉት።

የመጀመሪያዋን መስኪ የያዝኩት እዚህ ነው፤ ማጥመድ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት፣ በኦክቶበር መጨረሻ፣ ሊመሽ ሲል። ማባበያውን ስቤ ጨርሼ ጀልባው አጠገብ የስምንት ቁጥር ቅርጽ በውሃ ውስጥ ስሥል ከሥር ብቅ ብላ ዋጠችው። ይህን የስምንት ቁጥር በየውርወራው መጨረሻ አድርጉ፣ ቢሰለቻችሁም፣ እጃችሁ ቢበርድም። ተከትሎ የሚመጣውን ዓሣ እኛ ሁልጊዜ አናየውም።

ሩቅ ሄዶ አራት ቀን ከማጥመድ በመጸው ወራት አሥር ጊዜ ማታ ማታ ሚነቶንካ መውጣት ለብዙ ሰው ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ቤተሰብ ላለው፣ ሁለት ሥራ ለሚሠራ፣ መስኪን ገና ለሚማር ሰው ጥሩው ጅማሮ ይህ ነው። በሴይንት ፖል በኩል ለምትኖሩ ዋይት ቤር ሐይቅ ተመሳሳይ ጥቅም አለው። 2,400 ኤከር ገደማ ነው፣ ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ስለዚህ ደመናማ ቀን ወይም ምሽት ይመረጣል። ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ሰዓት ወደ ኋላ ሲመለስ ግን ፀሐይ 5 ሰዓት ከሰዓት በኋላ ሳይሞላ ትጠልቃለች፣ በአበሻ አቆጣጠር 11 ሰዓት ማለት ነው። ከሥራ በኋላ የሚባለው ነገር ያኔ ያበቃል፤ ቅዳሜን መጠበቅ ነው።

ድንበር ለመሻገር ለምታስቡ

ዊስኮንሲን ሄይዋርድ አጠገብ ያለው ቺፐዋ ፍሎዌጅ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይነዳል። በ1923 ግድብ ተሠርቶ መሬቱ በውሃ ሲሸፈን የተፈጠረ፣ ጥቁር ቡና የመሰለ ውሃ ያለው፣ ግንድና ተንሳፋፊ ረግረግ የበዛበት ሐይቅ ነው። ዓሣው በትልቅነት ከሚል ላክስ ዓሣ ያንሳል፣ ግን የማየት ዕድላችሁ የተሻለ ነው ባይ ነኝ። አንድ ልዩነት ምርጫችሁን ሊወስን ይችላል፦ ሚኒሶታ በክፍት ውሃ ለአንድ ሰው አንድ መስመር ብቻ ትፈቅዳለች፤ ዊስኮንሲን ሦስት ትፈቅዳለች። በብርድ ሰሞን ሰከር የሚባለውን ሕያው ዓሣ ከጀልባው ጎን እያንሳፈፉ በሌላው ዘንግ መወርወር የሚቻለው በዊስኮንሲን ነው። ሰከር የምትጠቀሙ ከሆነ ዓሣው ሳይውጠው ወዲያው የሚሳብበትን ባለ ሁለት መንጠቆ አሠራር ተጠቀሙ፤ የዋጠ መስኪ ተመልሶ ቢለቀቅም ብዙውን ጊዜ አይተርፍም።

ሌክ ኦፍ ዘ ዉድስ ከ14,000 በላይ ደሴት ያለው፣ በሚኒሶታ፣ በኦንታሪዮና በማኒቶባ መካከል የተዘረጋ ባሕር የሚያህል ውሃ ነው። ከዓለም ምርጥ የመስኪ ውሃዎች አንዱ ነው። ኖርዝዌስት አንግል ወደሚባለው ሐይቁ ዳር ያለ የሚኒሶታ ክፍል በመኪና ለመድረስ ግን በካናዳ መሬት ማለፍ ግድ ነው። ወረቀታችሁ በሂደት ላይ ከሆነ ወይም ተመልሶ ለመግባት ጥርጣሬ ካላችሁ፣ ለዓሣ ብላችሁ ድንበር አትሻገሩ።

ሳምንቱን ከሐይቁ ጋር ማጋጠም

ለእኔ ነገሩ እንዲህ ይደለደላል። በሴፕቴምበር ሁለተኛ አጋማሽ፣ ውሃው ከ60 ዲግሪ በላይ ሳለ፣ የሊች ዋናው ሐይቅ ወይም የሚነቶንካ አረም። በኦክቶበር ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው ሳምንት፣ ሌሎች በሚገላበጡበት ጊዜ፣ ሚል ላክስ ጀልባና ልምድ ላለው፣ ሊች ለሌለው። ከኦክቶበር መጨረሻ እስከ ኖቬምበር መጀመሪያ፣ ውሃው ከ50 በታች ሲወርድ፣ ቨርሚሊየን። ከዚያ በኋላ እስከ ወቅቱ መዝጊያ ሚል ላክስ፤ ነፋሱ ከከለከለ ሚነቶንካ። የሚኒሶታ የመስኪ ወቅት የሚዘጋው ዲሴምበር 1 ነው፤ የዓመቱን የደንብ መጽሐፍ ግን ሁልጊዜ ራሳችሁ አንብቡ፣ አንዳንድ ሐይቅ የራሱ ልዩ ደንብ አለው።

ይህ ድልድል የአየሩን ጠባይ ተከትሎ በሳምንት ወዲህም ወዲያም ይላል። ኦክቶበሩ ሞቃት ከሆነ ሁሉም ወደ ኋላ ይገፋል። ቁጥሩን እንጂ ቀኑን አትመኑ።

ብርዱና ውሃው

በየትኛውም ሐይቅ በኖቬምበር የሚያጋጥመው ውሃ ሰው ይገድላል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ትንፋሹን ለመቆጣጠር አንድ ደቂቃ፣ እጅና እግሩ ለሚታዘዝበት አሥር ደቂቃ፣ ራሱን ከመሳቱ በፊት አንድ ሰዓት ያህል አለው ይባላል። ዋና መቻል እዚህ አያድንም። የሕይወት ጃኬቱን መቀመጫ ሥር አታስቀምጡት፣ ልበሱት። ብቻችሁን አትውጡ። መውረጃው ላይ ያለው መቆሚያ ድልድይ በኦክቶበር ስለሚነሣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጫማ ያዙ፤ ጠዋት ሲሚንቶው በረዶ ይሠራል፣ መኪናችሁ ወደ ውሃው እንዳይንሸራተት አሸዋ ወይም ጨው ይዞ መሄድ ይጠቅማል።

ከሐይቅ ሐይቅ የምትዘዋወሩ ከሆነ ደግሞ ሌላ ኃላፊነት አለ። ሚል ላክስም ሚነቶንካም ዜብራ መስል በሚባል ባለ ሁለት ቅርፊት ትንሽ የውሃ ፍጡር ተወርረዋል፤ ከአንዱ የወሰዳችሁት ውሃ ሌላውን ሊበክል ይችላል። ስትወጡ አረሙን ከጀልባውና ከተጎታቹ ልቀሙ፣ ውታፉን ነቅላችሁ ውሃውን አፍስሱ፣ መንገድ ላይ ውታፉ ተነቅሎ ይቆይ። ሕጉም ይህንኑ ያዝዛል።

መልቀቅ

በሚኒሶታ አንድ መስኪ ለማስቀረት በአጠቃላዩ ደንብ 54 ኢንች መሙላት አለበት፤ ይህን የሚያሟላ ዓሣ ብዙ አጥማጅ በዕድሜው አያገኝም። በተግባር ሁሉም ይለቀቃል። እናቴ ስትጠይቀኝ «ታዲያ ይዘህ ካላመጣህልን ለምን በብርድ ትንገላታለህ?» ትለኛለች፤ ጥያቄዋ ተገቢ ነው። መልሴ ይህ ነው፦ እንስቷ ለመራባት ዓመታት ይፈጅባታል፣ አንድ ትልቅ ዓሣ ስትወሰድ ሐይቁ በቶሎ አይተካትም። ደግሞም ዕድሜው የገፋ ትልቅ አዳኝ ዓሣ ሥጋው ውስጥ ሜርኩሪ ስለሚጠራቀም ለገበታ አይመከርም። ለቤት ዎልአይና ክራፒ የሚባሉትን ዓሦች አመጣለሁ፣ እሱን ጠብሳ ታበላናለች።

ስትለቁ ዓሣው መረቡ ውስጥ፣ መረቡ ውሃ ውስጥ ይሁን። ረጅም ፒንሳና መንጠቆ የሚቆርጥ ጠንካራ መቁረጫ ሳትይዙ አትውጡ፤ ካልወጣ መንጠቆውን ቁረጡት፣ የዓሣው ሕይወት ከማባበያው ይበልጣል። አየሩ ከዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲሆን ስንጥቡና ዓይኑ በደቂቃ ውስጥ ሊጎዳ ስለሚችል ፎቶ ካነሣችሁ ካሜራው ተዘጋጅቶ፣ ዓሣው ለአንድ ትንፋሽ ብቻ ወጥቶ ይመለስ።

እኔ ዘንድሮ ያገኘሁት ዕረፍት በኖቬምበር ሁለተኛው ሳምንት አራት ቀን ነው፣ የነቢያት ጾም ሳይገባ። ጓደኛዬ 19 ጫማ ጀልባ ስላለው ሚል ላክስ ደቡብ ድንጋዮቹ ላይ እንሆናለን። ከመነሣታችን በፊት ባለው ማታ ትንበያው ከሰሜን ምዕራብ በሰዓት ከ20 ማይል በላይ ነፋስ ካለ ማረፊያውን ሰርዘን ሚነቶንካ ክሪስታል ቤይ እንወርዳለን። የማረፊያውን ቀብድ አስቀድሜ እንደ ወጣ ቆጥሬዋለሁ።